ኮቴ የቀረጽኩበት ሠርግ

«ያለፍኩበት ሥራ ሁሉ አንድ ነገር አስተምሮኛል» የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እንጅባራ በተመለስኩባቸው ዓመታት አስተምሬያለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ጽፌያለሁ፣ ሠርግ በቪዲዮ ቀርጫለሁ። ግማሹ ምንም አላስተማረኝም። የገባሁት ውስጡን ለማየት ጓጉቼ ነው፤ አይቼ ስጨርስ ወጣሁ።

አባቴ ይህ አይገባቸውም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ሁለቴ ተቀይሯል፣ እሳቸው አልተቀየሩም። ቪዲዮ ቤት ስቀጠር ቁርጡን ነገሩኝ።

«ከዚህ ከተባረርክ እኛ ጋ መዝገብ ቤት ትገባለህ። ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

መዝገብ ቤቱን አውቀዋለሁ። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም በፋይል ተጋርዷል።

ጥር ላይ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ገበሬ ልጃቸውን ሲድሩ ቀራጩ እኔ ሆንኩ። ሙሽራውና አጃቢው ሙሽራዋን ሊያመጡ በፈረስ ነው የሄዱት። ያኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ስለነበር ግልቢያን እንደማንም ሰው መቅረጽ አሳፈረኝ። ሣር ላይ ተኝቼ ኮቴ ቀረጽኩ። ኮቴ ሲያርፍ፣ ኮቴ ሲነሣ፣ ከኮቴ ሥር አቧራ ሲቦን። ሳቀናብረው ደግሞ ሌላውን አብዛኛውን ቆርጬ አወጣሁ።

የሙሽራው አባት ከባለቤታቸው ጋር ሊያዩት መጡ። ጥቂት አዩና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

«ፈረሴ የታለ?»

«ይኸው አባቴ፣ የእርስዎ ነው።»

«ይሄ እግር ነው።»

«የእርስዎ ፈረስ እግር ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋንስ ጫማዋን ብቻ ነው የቀረጽካት?»

ለባለቤታቸው በአዊኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ትርጉም አልጠየቅሁም። ሰውዬው ግን አልሳቁም።

«ለዚህ ቀን ብዬ ዓመት ሙሉ ቀልቤዋለሁ። አገሩ ሁሉ በመልኩ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ካልታየ በእግራቸው ሄዱ ነው የምንባል።»

እሳቸው እንደወጡ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ወደ እኔ ዞረ። «እስከ ነገ ፈረሱን ካላመጣህ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ሌላው ሥራ አባቴ ዘንድ ተዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነበር። ደግነቱ ቆርጬ ያወጣሁትን አልደመሰስኩትም። ሁሉንም መለስኩት፤ ፈረሱ አጥር ሥር ታስሮ ሲያኝክ፣ ኮርቻው ሲጫን፣ ጌጡ ሲደረደርለት፣ ከዚያም እንደገና ሲያኝክ። በማግስቱ ሰውዬው መጥተው፣ ሣር ከሚያኝክ ፈረስ ፊት እጃቸውን አጣምረው ረጅም ጊዜ ተቀመጡ።

«መልሰህ አሳየኝ» አሉ። ሁለተኛውን እንደጨረሱ፣ «አሁን ሠርግ ሆነ» ብለው ተነሡ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሠርግ እንደዚያ እንዲሆን አዘዘ፤ ሆነም። ጾም ገብቶ ሠርግ ሲቆም በዚያ ቤት የቀረኝ አዲስ ነገር አልነበረም። ለቀቅሁ።

«ተባረርክ?» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር።

«አይ፣ ቆይልን ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

«ምንም። ዳንግላ ሄጄ ጋሪ ላይ ሥዕል ልሥል ነው።»

«ብትባረር ይሻል ነበር። ለሰው የምነግረው ነገር አገኝ ነበር።»

ግን ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። መዝገብ ቤት ትገባለህ ያሉኝ «ከተባረርክ» ብለው ነበር፤ አልተባረርኩም። መዝገብ ቤቱን ሌላ ሰው ያዘው፤ እኔም በማግስቱ ብሩሾቼን ይዤ ዳንግላ ወረድኩ።

ዛሬ ይህን ሳወራ ሰሚው ሁሉ ትምህርት ይፈልግለታል፤ ያ ፈረስ ተመልካችን ማክበር አስተማረህ ይለኛል። አላስተማረኝም። ቀረጻዬ ጥሩ ነበር፤ ሰውዬውም ልክ ነበሩ።

እናንተ ግን፣ ሦስተኛ ሥራውን ትቶ የመጣ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር አትለምኑለት። እራቱን ስጡትና ተዉት።