የታጠበ እግር

በ2012 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፈረንጆች ሰቆጣ መጡ። ዓይን የሚያክሙ ናቸው ተባለ። በአገራቸው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸውንና በፈቃዳቸው ሊያገለግሉን መምጣታቸውን አስተርጓሚው ነገረን። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ሐኪም የነበሩት አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ግድግዳ ቀቡ፣ ዘመሩ፣ ልጆቻችንን አቅፈው ፎቶ ተነሡ።

እኔ የሄድኩት ለልጄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የዓይን ማዝ ይዟት የቀኝ ዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋታል። በየሳምንቱ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ከማተቤ ጋር ባንጠለጠልኩት ወረንጦ እነቅልላት ነበር። መልሶ ይበቅላል። አጥሮ ሲበቅል ደግሞ የባሰ ይወጋል። ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር ጣል ማድረግ ጀምሮ ነበርና የጤና ጣቢያው ነርስ "ከዚህ ካለፈ የሚመለስ አይመስለኝም" ብሎኛል።

በመጀመሪያው ቀን የጤና ጣቢያው ግቢ ከዝቋላና ከሰሃላ በእግራቸው በመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ሐኪሟ የልጄን ዓይን በመብራት አዩና ወረቀት ላይ ጻፉ። አስተርጓሚው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ወደ እኛ ዞረ።

"ነገ ይዘዋት ይምጡ። ነገ ደግሞ ከሕክምናው በፊት ለእናቶች ዝግጅት አለ። እንግዶቹ እግራችሁን ያጥባሉ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ።"

ነገሩ ገረመኝ። እኛ ዘንድ እግሩን የሚታጠብ እንግዳ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ደጅ ሲደርስ ውሃ ይሞቅለታል፤ የቤቱ ሰው ጎንበስ ብሎ ያጥበዋል። እንግዳ ባለቤቱን ሲያጥብ አላየሁም። ቢሆንም ነገሩ የጌታ ሥራ ነው፤ እምቢ አይባልም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት እግራችንን ሲያጥቡን እንኳ ቤታችን ታጥበን ነው የምንሄደው። ቆሻሻ እግር የሰው እጅ ላይ አይዘረጋም።

ስለዚህ በማግስቱ በማለዳ የሰፈራችን ሴት ሁሉ ተረከዙን በድንጋይ ሲፈትግ ነበር። ጎረቤቴ እማሆይ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ አሮጊት ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እኔ ቤት ደጅ ተቀምጠው እየፈተጉ፣ "የሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ አልተፈተግኩም" አሉ። ሳቅን።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደሩን። ሃያ ዓመት የማይሞላት የምትመስል ፈረንጅ ሳፋ ይዛ ተንበረከከች። ፂማም ሰውዬ ካሜራውን ወደ እግራችን አስጠጋ። የእማሆይ ተራ መጀመሪያ ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም እግራቸውን አጠበች። ሰውዬው ሳፋውን አየ፣ ካሜራውን አወረደና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው። አስተርጓሚው ፊቱ ቀላ።

"እናቶች፣ ይቅርታ። ውሃው አልቆሸሸም ይላል።"

"እሰይ!" አሉ እማሆይ። "ታጥበን ነዋ የመጣነው።"

"እሱማ ነው። ግን አገራቸው ላሉት የሚያሳዩት ስለሆነ፣ እንዲህ ሲሆን አይታይም ነው የሚለው። እዚያ ቦኖው አጠገብ ጭቃ አለ። ትንሽ ረገጥ ረገጥ አድርጋችሁ ብትመለሱ ይላል።"

እማሆይ ቀና ብለው አዩት።

"ልጄ፣ እናት አለችህ?"

"አለች።"

"እግርሽን ጭቃ ንከሪ ብለሃት ታውቃለህ?"

እማሆይ እርጥብ እግራቸውን ጫማቸው ውስጥ ከተቱና እሱ እንዳይሰማ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ እንዲህ አሉኝ፦ "ተነሺ እንሂድ። ዓይኔን እንዲህ ከሚያበሩልኝ ሞራው ይሻለኛል።" ሄዱ። ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው።

እኔ መነሣት አልቻልኩም። ታካሚዎች የሚጠሩበትን የተራ ወረቀት ያየሁት በአስተርጓሚው እጅ ነው። ልጄ የታመመ ዓይኗን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍና አጠገቤ ቆማለች።

"ልጄ፣" አልኩት፣ "እግሬን ካላሳጠብኩ እሷ ትቀራለች?"

"ኧረ እናቴ፣ ማንም እንደዚያ አላለም።"

"ትገባለች ያለስ አለ?"

ዞሮ ካሜራውን የያዘውን ሰው አየ።

ተነሥቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ከብት የሚጠጣበት ነው፤ ጭቃው ከእበት ጋር ተቦክቷል። በጣቶቼ መካከል ገባ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ ነበር።

"እማ፣ አሁን አጥበሽው አልነበር?"

እጇን ይዤ ወደ አግዳሚው አመራሁ።

ስመለስ ሰውዬው በጣም ደስ አለው፤ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ፈረንጇ ልጅ እግሬን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ዕንባዋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይንጠባጠባል። ለማን እንደምታለቅስ አላውቅም። አስተርጓሚው ጸሎቷን ወደ አማርኛ መለሰው፤ ፍቅርህን ለማያውቁ ሰዎች ፍቅርህን እናሳይ ዘንድ ስለ ላክኸን እናመሰግንሃለን አለች። ከአንገቴ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄ ያሰርኩት ማተብ ተንጠልጥሏል፤ ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። ካሜራው ሳፋው ላይ ነበር፤ የጠቆረውን ውሃ ያነሣል። የእበቱ ሽታ ወደ ላይ ይመጣል። ቀና አላልኩም። እግሬ የእኔ እንዳልሆነ ሁሉ ተጸየፍኩት። እጇንም ተጸየፍኩት፤ ለስላሳና ሙቅ እጅ ነበር።

ሲጨርሱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳሙና ሰጡን።

ወደ ሕክምናው ክፍል ስንገባ የተራ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የልጄን ስም ከሁሉ በላይ አየሁት።

"ይህ መቼ ተጻፈ?" አልኩት አስተርጓሚውን።

"ትናንት። ብሌኗ ስለተነካ እሷ ትቅደም ብለው ሐኪሟ ራሳቸው ጻፉት። የውጪውን ዝግጅት እሳቸው አያውቁም። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አልወጡም።"

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያች ሰዓት ከሁሉ በላይ የተጸየፍኩት ካሜራውንና ሰውዬውን ነበር፤ አሁን መጸየፉ ወደ ራሴ ዞረ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ልጄ እያየችኝ፣ ንጹሕ እግሬን እበት ውስጥ ነክሬያለሁ። እማሆይ እንደኔ ፈርተው ሊሆን ይችላል፤ ግን ተነሥተው ሄዱ።

ሐኪሟ ልጄን አስተኙ። የማደንዘዣውን መርፌ ሲወጓት በግራ እጃቸው ጣቶቿን ይዘው ነበር። ብዙ አልቆዩም። ዓይኗን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ነገ ጠዋት እንክፈተው አሉ። እጃቸውን እግዚአብሔር ይባርክ አልኩ። ከልቤ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ምግብ አልበላ አለኝ፤ እግሬን እንደገና አጠብኩ፣ ሽታው አልለቅ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቴ ሳፋና ጆግ ያዝኩ፤ ጆጉን ለብ ባለ ውሃ ሞላሁት፤ የሰጡኝንም ሳሙና ሳፋው ውስጥ ጨመርኩ። በመንገድ እማሆይን ጠራኋቸው።

"ጭቃ አያስፈልግም፣ እማሆይ። ሐኪሟ እግር አይጠይቁም።"

"አንቺ ረግጠሽ አረጋገጥሽልኝ በይኛ!" አሉ፤ መጡ።

ሐኪሟ ጨርቁን ገለጡ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። እንደገና ጨፈነች።

"እማ፣ አይወጋኝም።"

የተከፈተ ጫማ ነበር ያደረጉት ሐኪሟ። ስንት ቀን እንደቆሙበት እንጃ፣ እግራቸው አብጧል፤ ቀይ አፈራችን በጣቶቻቸው መካከል ደርቋል። ሳፋውን ከፊታቸው አስቀምጬ ተንበረከክሁ። እግራቸውን ሸሸግ አደረጉ።

"አይሆንም ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

"ንገራቸው፤ እንግዳዬ ናቸው። እኛ ዘንድ የሚታጠበው እንግዳ ነው።"

ነገራቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ያቺ ትናንት ያለቀሰችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ስልኳን አነሣች። እማሆይ በከዘራቸው ጆጉን አመለከቷት።

"እሱን አስቀምጪና ነይ ውሃ አፍስሺልን።"

አስተርጓሚው ሳይነግራት ገባት። ስልኳን ኪሷ ከታ ጆጉን አነሣች፤ እሷ እያፈሰሰች፣ እኔ እያሸሁ፣ ተረከዛቸውንም በጣቶቻቸው መካከል ያለውንም አጠብኩ። ውሃው ወዲያው ጠቆረ። በነጠላዬ አደረቅሁላቸው። ውሃውን ከአጥሩ ሥር ደፋሁ፣ የተረፈውን ሳሙና መስኮቱ ላይ ተውኩ፣ ልጄን በእጇ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።