ቹ ዴሹን የራሱን ቧንቧ የከፈተ ዕለት

ቹ ዴሹን ውሃ እያፈላ በቧንቧ ቤታችንን ያሞቅ የነበረውን የሰፈራችንን የድንጋይ ከሰል ቦይለር ሃያ ስድስት ክረምት ያነደደ ሰው ነው። በኅዳር የባሕሩ ነፋስ ሲነሣ አምስቱም ሕንፃዎች የሚሞቁት በእሱ አካፋ ነበር። ከእሱ ቀድሞ ሳሉ ቤት ይገባል እያልን እንቀልድበት ነበር።

አንድ ዓመት፣ ባሕሩ ዳር ያለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሙቀት ሊልክልን ነው ተባለ። መብራት ካመነጨ በኋላ የሚተርፈው ሙቀት እስከዚያ ድረስ ወደ ባሕር ነበር የሚፈሰው። የቦይለራችን ጭስ ማውጫ ሲፈርስ ቹ ቆሞ አየ። እሱንም የአዲሶቹን ቧንቧዎች ሙቀት እየዞረ እንዲለካ መደቡት።

የመጀመሪያው ብርድ በገባ ሰሞን የሉዋን ቤት ቧንቧ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘው። ሉዋን ለምግብ የሚሆን የባሕር አረም እያደረቀች የምትሸጥ፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት የምትኖር መበለት ናት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

“እህት ሉዋን፣ የቧንቧውን መዝጊያ ዘጋሽው እንዴ?”

“አዎ ዘጋሁት! የአቶም ውሃ አልጋዬ ሥር አይዞርም።”

“የምን የአቶም ውሃ? የማመንጫው ውሃ እዚህ አይደርስም እኮ። ሙቀቱን በብረት ግድግዳ በኩል ለሌላ ውሃ ይሰጣል፣ ያም ለሌላ። ውሃና ውሃ አይነካካም። እንቁላል በሳህን አድርገሽ በእንፋሎት ስታበስዪ የድስቱ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ይገባል?”

“ይገባል እንጂ! ክዳኑ ያንጠባጥብ የለ? አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሚስትህ አብስላ ታቀርብልሃለች!”

ሳቄ አመለጠኝ።

“ለመሆኑ ያንተ ቤት ይሞቃል?” አለችው።

ቹ ወደ መሬት እያየ፣ “የኔም ዝግ ነው” አለ።

“ፈርተህ?”

“ተናድጄ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያሞቅኋችሁ እኔ፤ እሳቱ ሲጠፋ ‘አይ ቹ!’ ያለ አንድ ሰው የለም።”

ሉዋን ድምጿ ለሰለሰ። “እሳትህስ ደግ ነበር፣ አንተ ሽማግሌ። የባሕር አረም ጥቁር ባይሆን ግን ጥላሸትህ ከገበያ ያስወጣኝ ነበር።”

ቹ ሳይወድ ሳቀ።

ሚስቱ ሱዪን በኋላ እንደነገረችን፣ ቤቱ ሲገባ ሁለት ካፖርት ደርባ ኦቾሎኒ ትፈለፍል ነበር። ጎንበስ ብሎ የቧንቧውን መዝጊያ ከፈተ።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ሥራዬን።”

ሱዪን ቧንቧው ላይ እጇን አሳርፋ ቆየችና አንዱን ካፖርት አወለቀች።

በሦስተኛው ቀን ሉዋን የባሕር አረም ላድርስ ብላ መጣች፤ ሸሚዝ ብቻ ከለበሰችው ከሱዪን ጋር እስከ እራት ተቀምጣ አወራች። የራሷን የከፈተችው ግን በብርዱ መካከል ከሚከበረው አዲስ ዓመታችን በኋላ ነው፣ ያውም የሳሎኑን ብቻ። የመኝታ ቤቷ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ቹም በየሳምንቱ እየሄደ ይነዘንዛታል።