የአባቴ የደም ዓይነት

ዛሬ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ መግቢያ ላይ፣ መሬት ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሀል የባዮሎጂ መማሪያ አየሁና አነሳሁት። ፀሐይ ያደረቀው ወረቀት ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደገኝ። ለፈተና ስዘጋጅ ግቢያችን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እጁ ናፍጣ እየሸተተ፣ መጽሐፉን ይዞ ይጠይቀኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደም ዓይነት የሚለው ጋ ደረስን። የእኔ ደም ትምህርት ቤት ተመርምሮ ኤቢ ነው ተብዬ ነበር። የእሱን ለማወቅ ደም የለገሰበትን ካርድ አመጣሁ፤ ኦ ይላል።

«አባ፣ ካርድህ ተሳስቷል» አልኩት እየሳቅኩ። «ኦ የሆነ አባት ኤቢ ልጅ አይወልድም።»

ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው።

«ካርዱም መጽሐፉም ልክ ናቸው፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አጥኚ፤ ፈተና ላይ ይመጣል።»

ቀጣዩን ገጽ ገልጦ መጠየቁን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ክፍሌ ሲመጣ፣ እንደ እንግዳ ሰው አንኳኩቶ ደጅ ላይ መጠበቅ ጀመረ።

ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። አንድ ቀን እንኳ «ለምን ታንኳኳለህ፣ ዝም ብለህ ግባ እንጂ» አላልኩትም።