አዝመራውን ያስቸኮሉት የሌሊት ወፎች

አዝመራው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያከስል ሰው ነው። ጭስ የማይፈታው ችግር ያለ አይመስለውም። ትንኝ ሲበዛ ያጨሳል፤ እንግዳ አልሄድ ሲለውም እርጥብ እንጨት ያነዳል እያሉ ያሙታል።

ለልጁ ለአምሳለ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን ሲሰማ አንድ ነገር ቆረጠ፦ ሦስት ጊዜ ሳያመላልስ እሺ አይልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለመገላገል ቸኮለ ይባላል።

ከበሩ ፊት ያለው ሾላ ደግሞ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበታል። የሽማግሌዎቹ ጋቢ ላይ ኩስ እንዳይወርድ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት ከተቦረቦረው ግንድ ሥር እርጥብ ቅጠል ከመረ፤ እንደ ከሰል አፈር አልብሶ ለኮሰው።

እስከዚያ ቀን የሌሊት ወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለው ነበር። መጀመሪያ የውሻ ፊት ያላቸው ፍሬ በሎች ከቅርንጫፉ ተነሥተው ወደ ወንዙ ሄዱ። ከግንዱ ሆድ ጆሯቸው ከፊታቸው የሚበልጥ ሌሎች ወጡ። ከነሱ ኋላ አውራ ጣት የሚያካክሉ ቡናማዎች ተግተለተሉ። እነዚህ ሁለቱ ወገኖች በቆርቆሮው ሥር ክፍተት አይተው አዝመራው ቤት ገቡ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራው ኮርኒስ ላይ ሰፈሩ።

«ከማጨስህ በፊት ቤቱን አትደፍንም ነበር?» አለችው ሚስቱ ይታይሽ።

«ሳይመሽ አይንቀሳቀሱም። ሽማግሌዎቹ በጊዜ ይመለሳሉ።»

ሽማግሌዎቹ ግን ከእንጅባራ ሲመጡ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ገብተው ቆሙ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«እንግዲህ እንመክርበታለን፤ ሌላ ቀን ብትመጡ» አለ አዝመራው ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ።

«እንጠብቃለን። መቆም ለምደናል» አሉ መሪያቸው አያ ይሄነው። ከላይ ተንኮሻኮሸ። «ምንድን ነው?»

«ነፋስ ነው፣ አያ ይሄነው።»

«ነፋስህ ጥፍር አለው።»

አምሳለ ጓዳ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ውጭው ደንገዝገዝ ብሏል። የሌሊት ወፎቹ ሳይነሡ ሽማግሌዎቹን ካላስወጣ ይዋረዳል፤ ያለ መልስ ደግሞ አይወጡም።

«በቃ ሰጥቻለሁ። ከጥምቀት በኋላ ይሁን። አሁን መንገድ ላይ ሳይመሽባችሁ…»

ሽማግሌዎቹ ተመስገን ብለው ተቀመጡ። እሺ የተባለ ሽማግሌ ደግሞ ሳይበላ ሳይጠጣ አይሄድም። አዝመራው ይኸኛውን ወግ ረስቶት ነበር። ይታይሽ እልልታውን አቀለጠችው፤ የሌሊት ወፎቹ ደንግጠው ሲራወጡ ኮርኒሱ ተተረተረ።

ቡናማዎቹ አምፖሉን ከበቡ። ባለ ጆሮዎቹ በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ ይመላለሱ ጀመር። አያ ይሄነው የጠላ ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ እንጂ አልተነሡም።

«ለልጅቷ የምትነዳላት ከብት ይኸ ከሆነ በረቱን እናሰፋለን» አሉ።

አዝመራው እስከ ባጃጁ ሸኛቸው። «አያ ይሄነው፣ ሰው ከጠየቀዎት ሦስት ጊዜ አመላለሰን ይበሉልኝ።»

«ለዚህ ለዚህስ አንተም ሽማግሌ ላክብን» አሉና ገቡ።