ዛይራ እና የሰንሰለቱ መስመር

የሳን ማርቲኖ በዓል ቀን ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። በዚያ ሜዳ አገር ሰው ቤት የሚለውጠው፣ ጭሰኛውም ፍራሹን በጋሪ ጭኖ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚሄደው በዚያ ቀን ነው። ዓመቱ ግን ያጠራጥራል። ኤርሜቴ 1957 ነው ይላል። ቆየት ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ በዚያ ዓመት ጉሙ ቀደም ብሎ ነበር የገባው፣ ጉም ቀድሞ የገባው ደግሞ በ58 ነው። እንግዲህ 58 ይሁን። ወይም 57።

ዛይራ የኤርሜቴና የኦቴሎ ታላቅ እህት ነበረች። አባታቸው ሲሞት የተወላቸው ከፌራራ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ብስክሌት የሚገጠምባትን አንዲት ክፍል ነው። ኦቴሎ የፊቱን ይሠራል፤ ፔዳሉንና ፔዳሉ የሚያዞረውን ትልቁን ጥርስ፣ ማለትም ባለጥርሱን ክብ ብረት። ኤርሜቴ የኋላውን ጎማና ትንሹን ጥርስ። ሰንሰለት ሁለቱን ያገናኛል። ከኋላ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚያይ ሰው፣ ሁለቱ ጥርሶች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። አንደኛው የአንዲት ሮንዴላ፣ የዚያች ቀለበት መሰል ስስ ብረት፣ ውፍረት ያህል ከወጣ ሰንሰለቱ ይንጫጫል። ከዚያ ካለፈ ይወልቃል።

ጠቡ የመጣው ከዚያች መስመር ነው። ኤርሜቴ መስመሩ ከፍሬሙ ራቅ ይበል ባይ ነበር፤ ጭቃ ሲጋገር ሰንሰለቱ ፍሬሙን እንዳይፍቅ። ኦቴሎ ጠጋ ይበል ባይ፤ ፔዳል በራቀ ቁጥር እግር ይከፈታል፣ እግር በተከፈተ ቁጥር ጉልበት ያልቃል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያልታረቁትም ለዚህ ነው። አባታቸው በተቀበረ ሳምንት ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ኦቴሎ በክፍሉ መሃል የሳንቃ ግድግዳ አቆመ። ሬዲዮም ገዛ።

ብስክሌት ግን ግማሹ ብቻ አይሸጥም። ስለዚህ ቃል የምታደርሰው ዛይራ ሆነች። በወጣትነቷ ከኩሬ የራሰ ቃጫ ስትጎትት የኖረች፣ እጀ ሰፊ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ሽንኩርት ከምትከትፍበት ትጠራለች።

«እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው። የሐኪሙ ብስክሌት ወደ ውጭ ነው። ነገር አላበዛም፣ ወደ ውጭ ነው!» ይላል ኤርሜቴ።

ዛይራ ቢላዋውን እንደያዘች በግቢው ዞራ ትሄዳለች፤ ከሳንቃው ወዲያ ከሬዲዮው ጩኸት ሥር ድምጿ ሲጉረመረም ብቻ ይሰማል፤ ተመልሳ ትመጣለች።

«እሺ ብሏል። የሚቀጥለውን ግን እባክህ ወንድሜ ወደ ውስጥ አድርግልኝ ብሏል።»

ኤርሜቴ እባክህ ከተባለ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ውስጥ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ብስክሌት በዛይራ አፍ ተገጠመ።

ዛይራን የሚፈልጋት ሰው ነበረ። ሌያርኮ ይባላል፤ ከኮማኪዮ ሐይቅ እባብ የመሰለውን ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሚስቱ የሞተችበት። እሑድ እሑድ ዓሣውን በርጥብ ሣር ጠቅልሎ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ጎረቤቶች ምን ዓይነት ሰው ነው ሲሏት «ዝም ይላል» ትላለች። ይህን የምትለው ልታመሰግነው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው መሃል ቆመች።

«ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። አንተ፣ ሬዲዮውን ዝጋው። ለሳን ማርቲኖ ሌያርኮ ጋ ልገባ ነው። በመጀመሪያ ግን ለእኔ አንድ ብስክሌት ትሠራላችሁ። አንድም ቃል አላደርስም። ብስክሌቱ ደህና ከሄደ ያለ እኔ ትኖራላችሁ ማለት ነው፤ እሄዳለሁ። ካልሄደ እቀራለሁ፣ ሌያርኮም ሌላ ይፈልግ።»

ኤርሜቴ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላው ጎማ ፊት ተቀመጠ። ነገሩ ግልጽ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ፣ ኦቴሎም እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ካደረገ ሰንሰለቱ ይወልቃል፣ እህቱም ትቀራለች። ከእሱ የሚጠበቀው ምንም አለማድረግ ብቻ ነው። ዛይራ የምትሠራው ካፔላቺ፣ ያ ዱባ የሚሞላ ፓስታ፣ በዚያ አካባቢ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ይህንንም አሰበ። ከዚያ እሑድ እሑድ ሌያርኮ ሲሄድ አጥሩ ጋ ቆማ የምታየውን አሰበ። በመጨረሻ የኋላውን ጥርስ ፈታ፣ ጥርሱን ወደ ውጭ የምትገፋውን ሮንዴላ አወጣ፣ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተታት። ለማንም አልነገረም። የሚነግርለት ሰው አልነበረውም።

በሳን ማርቲኖ ጠዋት ሌያርኮ ጋሪ ይዞ መጣ። ፍራሹን ጫነ፣ አሰረ። ዛይራ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። የግቢው የውኃ ጉድጓድ ጋ ሳትደርስ ሰንሰለቱ ቋ ብሎ ወለቀ።

ወረደች። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። የራስ ሻሿን ፈታች።

«ሌያርኮ» አለች፣ «ፍራሹን አውርደው።»

ሌያርኮ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጊዜ ከብስክሌቱ ኋላ ቁጢጥ አሉ። ሁለቱም አንድ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ተነካካ።

«ማን ወደ ውጭ አውጣው አለህ?» አለ ኤርሜቴ።

«አንተ ነሃ! ዕድሜ ልክህን ውጭ፣ ውጭ ስትል አልነበር እንዴ? አንተስ ማን አስገባው አለህ?»

«አንተ!»

«አንተ ደንቆሮ፣ ዛሬ ነው የምትሰማኝ?»

«አንተ አህያ፣ አውጥቼዋለሁ አትለኝም ነበር?»

«በማን በኩል ልበልህ?»

የሌያርኮ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

«በቃ፣ ያንተ ይሁን» አለ ኤርሜቴ። «ፔዳልህን መልሰህ አስገባው።»

«አላስገባም። ያንተ ነው የሚሆነው።»

«ያንተ ይሁን አልኩ እኮ!»

«አንተ ሰው፣ ስትሸነፍም ልብ ታወልቃለህ!» ብሎ ኦቴሎ እጁን ወንድሙ ሁልጊዜ የፈታውን ብረት በሚያኖርበት የሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተና ሮንዴላዋን አወጣት። ኤርሜቴ ቁልፉን አቀበለው። ጎማው ወረደ፣ ሮንዴላዋ ገባች፣ ጎማው ተመለሰ። ዛይራ ሻሿን መልሳ አሰረች፣ ብስክሌቱን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ይኸው» አለ ኤርሜቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ ልቡ ለስልሶ ነበር። «ያን ሁሉ ዓመት እባክህ ወንድሜ፣ እባክህ ወንድሜ እያልክ ለምነኸኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ባልሰማህ ነውር ነው ብዬ ነው።»

ኦቴሎ ዓይኑን አፈጠጠ። «እኔ? እባክህ? ያንን አጋሰስ አስገባ በዪው ነው የምላት። ለማኙ አንተ!»

«እኔ?»

«በአባባ ተዝካር በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ ብለህ ልከህብኝ አልቅሻለሁ!»

«ይቅር በለኝ ብለህ የላክኸው አንተ ነህ! ያለቀስኩትም እኔ ነኝ!»

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እህታቸው ዞሩ።

ጋሪው በሩን ወጥቶ ነበር። ዛይራ ከጋሪው ቀድማ የቦዩን ዳር ይዛለች። ኤርሜቴ ጨርቁን ጥሎ እስከ መንገዱ ሮጠ፤ «እትዬ! አንድ ነገር ብቻ!» አለ። ጉሙ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ጀርባዋና ሻሿ ታየው። ከዚያ ሌያርኮ ብቻ ከጋሪው ላይ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ተሰናበተውና እሱም ጉሙ ውስጥ ገባ።