ዙሙን የገዛሁበት ምክንያት

እኔ ሲበዛ ተጠራጣሪ ነኝ። ቲማቲም ስገዛ ሻጯ ከላይ ያለውን ስታነሳልኝ «ለምን ከላይ?» እላለሁ፤ ከሥር ስታነሳልኝ ደግሞ «ለምን ከሥር?» እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ስትስቅብኝ ኖራለች። ሌንስ የገዛሁ ሰሞን ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም።

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ የጓደኛዬ ፎቶ ቤት አለ። ሁለታችንም ሥራ የጀመርነው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያነሳን ነው፤ በኋላ ቤት ተለያየን እንጂ ምሳ አልተለያየንም። እሱ የሄርማታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው፣ ሁለቱንም ከ«ዋሏሂ» ጋር እያዋሃደ ነው የሚያወራው። በረመዳን እኔ ምሳዬን ጓዳ ገብቼ እበላለሁ፤ በሁዳዴ ደግሞ እሱ ሥጋ ይዞ አይመጣብኝም። እንዲህ ሆነን ሃያ ዓመት አለፈን።

ለዓመታት የኖረ አንድ ምኞት ነበረኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ የምትውል፣ አናቷ ላይ ዘውድ የደፋች የምትመስል ረጅም ወፍ አለች፤ እሷን ዓይኗ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ማንሳት ነው የምመኘው። በእኔ ሌንስ ባነሳኋት ቁጥር የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ታዲያ አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሌንስ ተገኘልኝ። አንዱ ዙም ነው፤ ቀለበቱን ሲያዞሩት ያቀርባል፣ ያርቃል፤ አዲስ አበባ ያለ ደላላ ነው የላከው። ሌላው ፕራይም የሚሉት ነው። አያቀርብም አያርቅም፣ ርዝመቱ አንድ ነው፣ ክብደቱም የሕፃን ልጅ ያህል ነው፤ ግን ሩቁን ነገር ጎትቶ አፍንጫህ ሥር ያመጣልሃል። እሱን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። ጫካ ሲያጠና የኖረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ «ሽጥልኝ» ብሎ እሱ ዘንድ ትቶት ሄዷል።

«ፕራይሙን ውሰድ» አለኝ። «ዙሙን ተወው አቦ፣ አያስፈልግህም።»

አያስፈልግህም! ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። የሠርግ ወቅት ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ቡናው ተለቅሞ የሰው እጅ ሲፈታ፣ ከአጋሮ እስከ አሰንዳቦ ዳስ የማይጣልበት ቅዳሜ የለም። በዚያ ፕራይም ደግሞ ሠርግ አይነሳም፤ ሙሽራዋን ከነቬሏ ላንሳ ብል ግቢውን ለቅቄ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ የሰው በር ላይ መቆም ሊኖርብኝ ነው። «አሃ!» አልኩ ለራሴ። «እኔን ወፍ ጥበቃ ልኮ ሠርጉን ብቻውን ሊጠቀልለው ነው።»

ፕራይሙን ቤቴ ወስጄ በስልክ መብራት መረመርኩት። የጅማ ዝናብ ሌንስ ያሻግታል፤ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋውን ሻጋታ ፈለግኩ። የለም። ጭረት ፈለግኩ። የለም። ምንም ማጣቴ ይባስ አሳሰበኝ። ዋጋውም ለእንዲህ ያለ ዕቃ ረክሶብኛል። ይሄማ ነገር አለው አልኩ፣ እንቅልፍም አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዘን ረግረጉ ዳር ሄድን። ካፊያ ነበር። ጓደኛዬ ጃንጥላውን ሌንሱ ላይ ዘርግቶ እሱ ይረጥባል። መጀመሪያ በዙሙ አነሳሁ፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ወፏ አሁንም ሩቅ ናት። ፕራይሙን ማቆሚያው ላይ ሰክቼ ዓይኔን ሳስጠጋ፣ ወይ ጉድ! ጉንጯ ላይ ያለው ነጭና ቀይ፣ ዓይኗ፣ ምንቃሯ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ ሁሉ ታየኝ። ትንፋሼን ያዝኩ።

«ሜ፣ እስቲ ልየው» ብሎ እሱም አየና «ዋሏሂ፣ በቃ ተገኘ!» አለ። ፊቱን አጠናሁት። ደስታው በዛብኝ። ሰው እኔ በምገዛው ዕቃ እንዲህ ይፈነድቃል?

«ዙሙን ነው የምገዛው» አልኩት። «ሠርግ አለብኝ።»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለና ጃንጥላውን አጥፎ ወደ ባጃጁ ሄደ።

የወቅቱ ትልቁ ሠርግ አሰንዳቦ ነበር፤ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው የምትዳረው። ሥራው ለእኔ ሲደርሰኝ «ቀደምኩት!» ብዬ በልቤ ፎክሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ በአዲሱ ዙሜ አነሳሁ። ማምሻውን ዕቃዬን ስሰበስብ የሙሽራዋ አጎት መጡና «የላከህ ሰው አላሳፈረንም፣ ማሻ አላህ» አሉኝ።

«ማን ነው የላከኝ አሉ?»

«ያ ፊት ለፊትህ ያለው ነዋ። መጀመሪያ የሄድነው እሱ ጋ ነበር። በተራ ነው የምንሠራው፣ ይሄ ያንተ ተራ ነው ብሎ ወደ አንተ መራን።»

እኛ ተራ ተባብለን አናውቅም። ተራ የሰጠኝ እሱ በራሱ ነው። ጅማ እስክገባ ድረስ ፊቴ በኀፍረት ሲነድ መጣ።

በማግስቱ ሱቁ ገባሁ። «ፕራይሙስ?» አልኩት።

«ተሸጠ።»

«ታዲያ ለምንድነው ዙም አያስፈልግህም ያልከኝ?»

መደርደሪያውን ጠቆመኝ። የራሱ ዙም ተቀምጧል፤ ስንት ጊዜ ተውሼዋለሁ። በሠርግ ወቅት ይከለክለኛል ብዬ ከቁጥር አላስገባሁትም ነበር።

«ይሄ አለ አይደል እንዴ? ማዶ ለማዶ ላለን ሰዎች ሁለት ዙም ምን ይሠራልናል? የጎደለን ረጅሙ ነበር።» ቀጥሎም ዓይኑን ከእኔ መልሶ «ሌንሱን ከምትመረምር እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ትልቅ ሠርግ ያላቸው ሰዎች መጡልኝ። ወዲያው ይዣቸው መንገዱን ተሻገርኩና «ይሄን አንተ ሥራው» አልኩት። ድሮ ቢሆን ትከሻዬን መታ አድርጎ ወንበር ይስብላቸው ነበር። ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ ፊቴን ሲያጠና ቆየ።

«ምን አስበህ ነው?» አለኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።