ኤርጫፎ የተንበረከከበት መሬት

ኤርጫፎ ከደጋው ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በሰው የሙዝ ማሳ የቀን ሥራ ፍለጋ ነው። ሲሞት ኩልፎ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር ሙዝ ነበረው። በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መሃል ሃምሳ ዓመት አለ፤ ጎረቤቱ ስለነበርኩ የማውቀውን ልጻፍ።

ቦዩን በእጁ ነው የቆፈረው። ባለቤቱ ሻሺቱ ሙዙን በጀርባዋ ተሸክማ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ገበያ ታደርስ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ከአባቷ ጋር ማሳው ላይ የቀረችው ሴት ልጃቸው አገኘሽ ናት። በኩሩ ደግፌ ሲቀላ ባጃጅ ይነዳል፤ ወደ ማሳው ብቅ የሚለው ለበዓል ነው።

አምና ኤርጫፎ የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ አጥፍቻለሁ» አለኝ ሳይቀመጥ።

ጥፋቱ የቆየ ነው። ደግፌ ሚስት ያገባ ቀን፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በሽማግሌዎች ፊት «መሬቱ ያንተ ነው» ብሎ መርቆት ነበር። በወጉ የሚወርሰው በኩር ነው፤ ሴት ልጅ ወደ ሰው ቤት ሂያጅ ናት። አገኘሽ ግን አልሄደችም። አሁን ደግፌ መሬቱን ለብሎኬት አምራች ለሃያ ዓመት ሊያከራይ አስቧል፤ ፈርምልኝ እያለ አባቱን ወጥሮ ይዞታል።

«አልፈርምም በለዋ፤ ደብተሩ በስምህ ነው» አልኩት።

«እስክሞት ነዋ! ከዚያስ?»

ተቀምጠን ጻፍን። ደብተሩ በሁለቱም ልጆች ስም በጋራ ይሁን። መሬቱ አይከፈል፣ አይከራይ። የሚያርስ ይብላ፤ የማያርስ ከምርቱ ድርሻውን ይውሰድ። እነሱም በተራቸው ለልጆቻቸው እንዲሁ ያስተላልፉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ባለቤትነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ አደራ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ሰው መሬት አለኝ ይላል። መሬቱ ስንት እንዲህ ባይ ቀብሮ ዝም ብሏል።

ነገር ግን በሽማግሌ ፊት የወጣን ቃል ማንሳት የሚችለው ቃሉ የተሰጠው ሰው ነው። ቃሉን አጥፎ መሞት ለኤርጫፎ በልጅ ልጅ ላይ የሚተርፍ ጥፋት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሳው ዳር፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ደግፌ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ የጻፍነው ሲነበብ ሰማ።

«በኩርነቱ የኔ፣ ሙዙ የእሷ?»

«ና እረስ፤ ማን ከለከለህ?» አለች አገኘሽ። «የባጃጅ መሪ የለመደ እጅ ዶማ ከብዶት ይሆናል እንጂ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ሳቁን ዋጠ።

«ለልጅ ልጆቼ ብዬ ነው፣ ደግፌ» አለ ኤርጫፎ።

«የታሉ? የሉም እኮ አባ!»

«እኔም አልኖርም። በመሃል ያለኸው አንተ ነህ።»

ደግፌ ሊሄድ ተነሳ። ያኔ ኤርጫፎ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ፤ በሁለት እጁ ይዞ በልጁ ፊት ተንበረከከ።

እዚህ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የለም። ደም የተቃቡም ይቆማሉ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ ግን ከመሃላችን ያየ አልነበረም። ወልደ ሚካኤል «ኧረ ኤርጫፎ!» ብሎ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ፤ እምቢ አለ። አገኘሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

«ተነስ አባ» አለ ደግፌ። «ጉልበትህን ያምሃል።»

«ቃሌን መልስልኝ።»

ደግፌ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በኋላ ሣሩን ከአባቱ እጅ ተቀበለ፤ «መልሻለሁ» አለና ብብቱን ደግፎ አነሳው። በማግሥቱ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ፈረሙ፤ በመንገድ ሁሉ ግን እህቱን አላናገራትም።

ኤርጫፎ በመጋቢት ሞተ። አርባው እንዳለፈ ብሎኬት አምራቹ ሜትሩን ይዞ መጣ። ለአርባው መጥቶ ገና ያልተመለሰውን ደግፌን ቦዩ አጠገብ አገኘው።

«የተሻለ ዋጋ ይዣለሁ፤ እህትህን አንተ አሳምናት» አለው።

ዋጋውን ሲሰማ የደግፌ ልብ አልዋዠቀም ብዬ አልዋሽም። አባቱ የተንበረከከበትን ማንጎ ሥር አየ።

«አባቴን ከዚህ ያነሳሁት በቃሌ ነው» አለ። «ብሰጥህ መልሼ ማንበርከኬ ነው።»

ሰውዬው ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። የዕለቱ የውሃ ተራ የእነሱ ነበር።

«ደግፌ! ውሃው ደርሷል፣ ክፈትልኝ!» ብላ አገኘሽ ከማሳው ወዲያ ጫፍ ተጣራች።

ጫማውን አውልቆ ወደ ቦዩ ገባ።